ፈንታሌ ሥር ያለው ሽብልቅ

"ተሰማህ?"

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ማታ ነው። ስልኬ ላይ የመጣው መልእክት ይሄ አንድ ቃል ብቻ ነበር። ተሰምቶኛል እንጂ! የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ የቡፌው ብርጭቆ ሲንኳኳ መጀመሪያ ታች ሲኖትራክ ያለፈ መሰለኝ፣ ከዚያ አምፖሉ ሲወዛወዝ አየሁ፣ ከዚያ በኋላ ጫማዬን እንዴት እንዳደረግኩ እንኳ አላስታውስም። ግቢ ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ወርዷል። ነጠላ ያጣፋ አለ፣ ልጅ ያቀፈ አለ፣ ግማሽ ፀጉሯን ተሠርታ ግማሹን የቀራት ልጅም ነበረች። ጥበቃው ግን "ምን ሆናችሁ ነው?" እያለ ያየናል። እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ስለነበር ምንም አልተሰማውም።

መሬት ከተንቀጠቀጠበት ከዚያ ማታ ጀምሮ ለወራት የሰማሁት ጥያቄ አንድ ነው። "ትልቁ መቼ ነው የሚመጣው?" ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ቴሌግራም ላይማ ሰዓቱ ሁሉ ተቆርጦ ነበር፤ ዛሬ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንዳትተኙ የሚል መልእክት ከሦስት ቦታ ደርሶኛል። በግልጽ ልናገር፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው የለም። ጃፓን ውስጥም የለም፣ አሜሪካም የለም። መሬት መንቀጥቀጥ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ መጠን ይመጣል ብሎ አስቀድሞ መናገር የቻለ ሳይንስ እስካሁን አልተገኘም። የተቆረጠ ሰዓት ይዞ የመጣ ሁሉ ወይ ቀልደኛ ነው ወይ ተመልካች ፈላጊ።

ግን መልስ ያላቸው ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። የሚገርመው እነሱን የሚጠይቅ ጠፋ። መንቀጥቀጡ የተነሳበት ፈንታሌ አካባቢ፣ እዚያ ምድር ሥር የሆነው ምንድን ነው? በሰቃ ሐይቅ ለምን አደገ? የመተሐራ ሰው ጥርስ ለምን ቡናማ ይሆናል? ዝንጀሮዎቹ ለምን እዚያ ገደል ላይ ያድራሉ? እነዚህ አራት የተለያዩ ጉዳዮች ይመስላሉ። አይደሉም። የአንድ መሬት ጉዳይ ናቸው።

(ዓመቶቹን በእኛው አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ጥናቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ቀን ስለሆኑ እየቀነስኩ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደተሳሳትኩና እንዳረምኩ እኔ ነኝ የማውቀው።)

ፈንታሌን የጅቡቲን መንገድ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። መተሐራን ሲያልፉ በስተግራ የሚታየው ሰፊ ተራራ ነው። አናቱ ላይ ትልቅ ጎድጓዳ አለው፤ ድሮ ፈንድቶ የተደረመሰ እሳተ ገሞራ ስለሆነ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ቅልጥ አለት ያፈሰሰው የዛሬ 200 ዓመት ገደማ ነው። ያ ለጂኦሎጂ ትናንት ማታ ማለት ነው። መንገዱ ዳር ያለውን ጥቁር፣ የተቃጠለ የሚመስል ድንጋይ ያየ ሰው እሳተ ገሞራ ስል ስለ ሩቅ አገር እንዳላወራሁ ይገባዋል። ከፈንታሌ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደግሞ ዶፈን የሚባል ሌላ እሳተ ገሞራ አለ። የ2017ቱ ታሪክ የሁለቱና የመሃላቸው ታሪክ ነው።

ስምጥ ሸለቆ እየተከፈተ ነው ሲባል ሁላችንም ትምህርት ቤት ሰምተናል። በእኛ በኩል ያለው ምድርና ከሐረርጌና ከባሌ ወዲያ ያለው ምድር በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ጥፍራችን በሁለት ወር የሚያድገውን ያህል እንኳ አይሆንም። ትምህርት ቤት ያልነገሩን ነገር ግን መራራቁ በየቀኑ እኩል እኩል እየሆነ እንደማይሄድ ነው። ለአሥርት፣ አንዳንዴም ለመቶዎች ዓመታት ይጠራቀምና አንድ ቀን በሳምንታት ውስጥ ዕዳው ይከፈላል። ከፋዩ ብዙ ጊዜ ቅልጥ አለት ነው።

እንጨት የፈለጠ ሰው ሽብልቅ ያውቃል። ግንዱ አልሰነጠቅ ሲል ስንጥቁ ውስጥ ሽብልቅ ታስገባና በመዶሻ ትመታለህ። ግንዱ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ ይከፈታል። ፈንታሌ ሥር የሆነው ይኸው ነው። ቅልጥ አለቱ ወደ ላይ ወጥቶ ከመፍሰስ ይልቅ በጎን በኩል፣ እንደቆመ ቀጭን ግድግዳ ሆኖ፣ ከፈንታሌ ወደ ዶፈን አቅጣጫ አለቱን እየሰነጠቀ ገባ። ጂኦሎጂስቶች ዳይክ ይሉታል። አዲስ አበባ ላይ እኛን ከፎቅ ያወረደን ነገር ሽብልቁ ሲገባ ግንዱ ያሰማው ቋቋታ ነው።

ይሄ ከገባን "ትልቁ መቼ ነው" የሚለው ጥያቄ ለምን እንደማይገጥም ይገባናል። ብዙ ጊዜ መሬት ሲንቀጠቀጥ አንድ ዋና ይመጣል፣ ከዚያ ተከታዮቹ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ቅልጥ አለት የሚነዳው ግን እንደዚያ አይደለም፤ መንጋ ነው። 4.5፣ 4.9፣ 4.7፣ ሁለት ቀን ዝም፣ ከዚያ 5 ከምናምን። ሽብልቁ እየገፋ እስካለ ድረስ ይቀጥላል፤ ሲቆም ይረግባል። እንደዚያው ሆነ። በመስከረምና በጥቅምት ፈንታሌ አካባቢ ነበር፣ በታኅሣሥ ወደ ዶፈን ተጠጋ፣ ታኅሣሥ 26 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ከ5.5 በላይ የሆነው መጣ፣ የካቲት 7 ማታ መጠኑ 6 ገደማ የሆነው የሁሉ ትልቁ መጣ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ረገበ። በመሃሉ 4ና ከዚያ በላይ የሆኑት ብቻ ከመቶ በላይ ናቸው።

ቁጥሮቹን ስናነብ የምንስታት ነገር አለች። ከ5 ወደ 6 ሲሄድ አንድ ብቻ የጨመረ ይመስላል። የሚወጣው ጉልበት ግን 32 እጥፍ ነው የሚያድገው። ስለዚህ የየካቲቱ፣ ያን እሑድ ማታ ካስወረደን 4.9 ጋር ሲነጻጸር 45 እጥፍ ያህል ጉልበት ነበረው። (ሬዲዮው አሁንም "በሬክተር ስኬል" ይላል። ባለሙያዎቹ ያንን መለኪያ ከተዉት ቆይተዋል፤ አሁን የሚጠቀሙት ሌላ ስሌት ነው። ግን ሬክተር የሚለው ቃል ለምዶብናል፣ ይቅር።)

ታኅሣሥ 25 ዶፈን ላይ ጭስና ጭቃ ከመሬት እየተተኮሰ ሲወጣ ቪዲዮውን ያላየ ያለ አይመስለኝም። "እሳተ ገሞራ ፈነዳ" ተባለ። የወጣው እንፋሎት ነበር፤ ከሥር በሞቀ ውሃ የተነሳ አፈርና ድንጋይ ይዞ የሚወጣ እንፋሎት። ቅልጥ አለት አልወጣም። ልዩነቱ ለእኛ ለተመልካቾቹ ትንሽ ሊመስል ይችላል፣ እዚያ ለሚኖር ሰው ግን ከብቱን ይዞ 5 ኪሎ ሜትር ይራቅ ወይስ 50 የሚለውን ይወስናል። መንግሥት 80 ሺህ ገደማ ሰው ከአካባቢው እንዲነሳ ያደረገው በእነዚያ ቀናት ነው። አንዳንዱ ድንኳን ገባ፣ አንዳንዱ ዘመድ ጋ ሄደ። አዲስ አበባ ስለ አምፖሏ ስታወራ አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ላይ ቤት ፈርሶ ነበር፣ መሬቱና መንገዱ ተሰንጥቆ ነበር። ይሄን ስጽፍ ትንሽ አፍራለሁ፤ እኔም ያን ሰሞን የለጠፍኩት ስለ ቡፌዬ ነበር።

ሽብልቁ ገባ፣ ገባ እላለሁ፤ ማን አይቶት ነው? ራዳር ነው ያየው። የአውሮፓ ሳተላይቶች በቀናት ልዩነት በዚያው ቦታ ላይ ያልፋሉ፣ የራዳር ምስል ያነሳሉ። የዛሬውን ከሁለት ሳምንት በፊቱ ጋር ሲያስተያዩት መሬቱ በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር እንኳ ቢነሳ፣ ቢሰምጥ፣ ወደ ጎን ቢሄድ ይታወቃል። በፈንታሌና በዶፈን መካከል በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ርዝመት ያለው መሬት ሲከፈትና መሃሉ ሲሰምጥ በዚህ ዘዴ ታይቷል። ምስሉ ነጻ ነው፤ ማንም ያወርደዋል። ያወርደዋል ስል ግን ኮምፒውተርና ኢንተርኔት፣ ከዚያም በላይ ቁጭ ብሎ የሚሠራ የሠለጠነ ሰው ላለው ነው።

ለነገሩ ይሄን ዓይነት ነገር ኢትዮጵያ ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1998 መስከረም ላይ አፋር ውስጥ ደባሁ አካባቢ የሆነው ከዚህ በጣም የባሰ ነበር። 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሽብልቅ በሳምንታት ውስጥ ገባ፤ መሬቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። 8 ሜትር! ባለ አንድ መኝታ ቤት ጎኑ እንኳ ያን ያህል አይሆንም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሌሎች ከአሥር በላይ ትናንሽ ሽብልቆች ተከታትለው ገቡ። የዓለም ሳይንቲስት በሙሉ ወደ አፋር ጎረፈ፣ ምክንያቱም የውቅያኖስ ወለል እንዴት እንደሚፈጠር በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ማየት የሚቻልባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው፤ አይስላንድና አፋር። ፕሮፌሰር አታላይ አየለና ዶክተር ኤልያስ ሌዊ በ2017 በየሚዲያው ተረጋግተው ሲያስረዱን የነበረው ያን ያዩ ሰዎች ስለሆኑ ነው።

ሁለቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። አራት ኪሎ ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ከ1950 ገደማ ጀምሮ ይሠራል። ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ አባ ፒየር ጉዋን ናቸው። እኚህ ሰው መሣሪያ ተክለው ብቻ አልተቀመጡም። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል፣ የመንገደኞችን ማስታወሻ፣ ያገኙትን ሁሉ እያገላበጡ በዚህ አገር መሬት መቼ መቼ እንደተንቀጠቀጠ ለቅመው ጽፈዋል። መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት መለኪያችን ጸሐፊ ነበር፤ እሳቸው ያንን ገባቸው።

ከዚያ መዝገብ ሁለቱን ልጥቀስ። በ1898 ነሐሴ ላይ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ላንጋኖ አቅጣጫ፣ 6.5ና ከዚያ በላይ የሚገመት መንቀጥቀጥ ነበር። ከተማዋ በደንብ ተናውጣለች። ግን የዚያን ጊዜዋ አዲስ አበባ ጎጆና ድንኳን ነበረች፤ ጎጆ ቢወዛወዝ ምን ይሆናል? በ1953 ግንቦት ደግሞ በደሴ መንገድ ላይ ያለችው ካራ ቆሬ ነበር፤ 6.5 ገደማ። ማጀቴ ፈራረሰች፣ የደሴ መንገድ ተሰነጠቀ፣ መንቀጥቀጡ ለወራት ቀጠለ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ በጣት ይቆጠር ነበር። ስለዚህ አያቶቻችን "ደህና አለፈ" ቢሉ እውነታቸውን ነው። መሬቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ከላይ የጫንንበት ነገር ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥን ያገናዘበ የሕንፃ ኮድ አለን። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ጥያቄው ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት የኮለኑን ፌሮ፣ በተለይ ፌሮውን ዙሪያውን የሚያስሩትን ቀለበቶች፣ ማን ቆጠረ ነው። ቀለበቶቹ ከተራራቁ ኮለኑ ሲናወጥ ይፈነዳል። ሁለት ቀለበት በመዝለል የሚተርፈው ብር ስንት ይሆን? እግረ መንገዴን ልናገር፣ ያን ማታ በደረጃ መሮጤም ስህተት ነበር። ሲናወጥ ደረጃ አደገኛ ቦታ ነው፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራስን ሸፍኖ መቆየት፣ ከቆመ በኋላ መውረድ ነበረብኝ። አሁን አውቄዋለሁ። እንደገና ቢመጣ ግን እግሬ ምን እንደሚያደርግ ቃል አልገባም።

አሁን ወደ ውሃው።

በሰቃ መተሐራ አጠገብ ያለው ሐይቅ ነው። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ኩሬ ነገር ነበር። ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዝዋይና ሐረማያ ሲቀንሱ፣ ሐረማያ ጭራሽ ደርቆ ሲያስለቅሰን፣ ይሄኛው በዚያ ሙቀትና በዚያ ድርቅ ውስጥ ከአሥር እጥፍ በላይ አደገ። ውሃው ጨዋማ ነው፣ አይጠጣም፣ ለመስኖም አይሆንም። የግጦሽ መሬት ዋጠ፣ መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድ ደጋግሞ ከፍ አስደረገ፣ የሸንኮራ እርሻ ዳር ድረስ መጣ። በትንሽ በትንሹ እየተመጠነ ወደ አዋሽ እንዲለቀቅ ቦይ እስከ መቆፈር ተደርሷል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ሄዶ አቤ ሐይቅ ላይ ነው የሚቀረው። የለቀቅክበትን ጨው ይዞ ሌላ አገር አይሄድልህም፤ ታች ያለው አፋር ነው የሚጠጣው።

ለምን አደገ? ጥናቱ ብዙ ነው። ዝናብ ብቻውን እንደማያሳድገው አጥኚዎቹ ይስማማሉ፤ ውሃው በብዛት የሚገባው ከመሬት ሥር ነው። ክርክሩ የከርሰ ምድሩን ውሃ ምን አበዛው የሚለው ላይ ነው። አንደኛው ወገን መስኖው ነው ይላል። በ1952 የቆቃ ግድብ አለቀ፣ አዋሽ በጋም ክረምትም የሚገኝ ወንዝ ሆነ፣ ከዚያ ሰፋፊ የሸንኮራና የጥጥ እርሻዎች መጡ፣ ከመጠን በላይ የተለቀቀው ውሃ እየሰረገ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ሄደ። ሌላው ወገን ምድሩ ራሱ ነው ይላል። ስንጥቆች ሲንቀሳቀሱ ፍል ውሃው አዲስ መውጫ አገኘ። ውሃ ከየት እንደመጣ የሚናገር ምልክት በውስጡ ይይዛል፤ ፀሐይ ላይ ቆይቶ የተነነ የመስኖ ውሃና ከደጋ ዘንቦ ከሥር የመጣ ውሃ በላብራቶሪ ይለያሉ። ችግሩ በሰቃ ውስጥ ሁለቱም መገኘታቸው ነው።

እኔ እዚህ ላይ አስተያየት አለኝ። "ምድሩ ነው" የሚለው መልስ ለብዙ ሰው ይመቻል። ምድር አይከሰስም። ካሳ አይጠየቅም። ቢሮ ተጠርቶ አይገመገምም። ግማሹ የመስኖ ጥፋት ቢሆን ግን የሆነ ሰው የሆነ ቦታ የውሃ መለኪያ ማስገባት፣ ቦዩን መለሰን፣ መሬቱን ላጣው የከረዩ አርብቶ አደር የሆነ ነገር መመለስ ይኖርበታል። ስለዚህ ክርክሩ 40 ዓመት ሙሉ አለማለቁ የሳይንስ ችግር ብቻ አይመስለኝም።

ደግሞ አለ ጥርሱ። ወንጂና መተሐራ ያደገ ሰው አብሮህ ተምሮ ከሆነ ታውቀዋለህ፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር። ፍሎራይድ ነው። የስምጥ ሸለቆው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ መስታወት መሰል ድንጋይ ነው፣ ፍሎራይዱን በቀላሉ ለውሃ ይለቃል። ሌላ ቦታ ቢሆን ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ይይዘውና ያዘቅጠው ነበር። እዚህ ግን ውሃው ሶዳ የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ነው፤ ስለዚህ ፍሎራይዱ እንደሟሟ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር አይለፍ ይላል። ብዙ የሸለቆው ጉድጓድ ይሄን ያልፋል። ሲብስ ጥርስ ላይ አይቆምም፣ አጥንት ይይዛል፣ ወገብ ያጎብጣል። ይሄ አንድም አምፖል ሳያወዛውዝ በየቀኑ የሚደርስ አደጋ ነው። ስለዚህ ነው ማንም "ተሰማህ?" ብሎ የማይልክልህ።

የከሰም ግድብም እዚያው ሠፈር ነው። ግማሽ ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ሽብልቁ ሲያልፍ ጎኑ ቆሞ ነበር። ግድቡ ቆሟል፣ ተመስገን ነው። ቢሆንም እነዚያን ወራት ከግድቡ በታች የሚኖር ሰው እንዴት ይተኛ እንደነበር ማሰብ ይከብደኛል።

ወደ እንስሳቱ ስመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀውን ልመልስ። "እንስሳት ቀድመው ያውቃሉ አይደል?" ከፊሉ እውነት ነው፣ ግን እንደሚወራው አይደለም። መሬት ሲሰነጠቅ ሁለት ዓይነት ሞገድ ይነሳል። የመጀመሪያው ፈጣን ነው፣ ደካማ ነው። ሁለተኛው ቀርፋፋ ነው፣ ቤት የሚንጠው እሱ ነው። ከፈንታሌ እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሁለቱ መካከል 15 ሰከንድ ያህል ይኖራል ማለት ነው። ውሻህ የመጀመሪያውን ሊሰማ ይችላል፣ አንተ ሁለተኛውን ነው የምትሰማው። ስለዚህ ውሻው ቀድሞ ቢጮህ ጉዱ የተጀመረው ቀድሞ ስለሆነ ነው። ከቀናት በፊት አወቁ የሚለው ተረት ግን ሲመረመር እስካሁን የሚጨበጥ ነገር አልወጣውም።

አዋሽ ፓርክ በፈንታሌና በአዋሽ ወንዝ መካከል ነው ያለው፤ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር። ኢላላ ሳላ የሚባለው ሜዳ ላይ ስሙን የሰጡት ሳላዎች አሁንም አሉ፤ ቀንዳቸው እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣ ፊታቸው በጥቁር የተቀባ የሚመስል። በ1960ዎቹ ከሰንቀሌ ቆርኬ አምጥተው ለቀው ነበር፤ አልሰነበተም፣ ጠፋ። ዋናው መንገድ ፓርኩን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ሌሊት ሲኖትራኩ ይበራል፣ ጠዋት መንገድ ዳር የወደቀ አውሬ ታያለህ።

የዓለም ተመራማሪ አዋሽን የሚያውቃት ግን በዝንጀሮዎቿ ነው። ከበረሃው በኩል ባለ ጋማው ሃማድርያስ አለ፤ አንድ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ይዞ የሚኖር፣ ሴቷ ትንሽ ራቅ ካለች ሄዶ አንገቷን ነክሶ የሚመልስ። ከወንዙ ሽቅብ ደግሞ አኑቢስ የሚባለው አለ፤ ወንድና ሴት በትልቅ መንጋ ተደባልቀው የሚኖሩ። አዋሽ ፏፏቴ አካባቢ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ይጋባሉ፣ ክልስ ይወልዳሉ። ይሄን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲያጠኑት ኖረዋል። የክልሶቹ ወንዶች ነገር ያስቃል፤ ሚስት መጠበቅ ይሞክራሉ፣ ግን እንደ ሃማድርያሱ አይሆንላቸውም፤ ጀምረው ይተዉታል። ሁለት ዓይነት ዝርያ ሲገናኝ ጠባይ ይወረሳል ወይስ ይለመዳል ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ ጥቂት ነው።

ለምን እዚያ ቦታ? ሽብልቁን አስታውሱ። ምድሩ ሲከፈት ስንጥቅ ይፈጠራል፣ በስንጥቁ አንደኛው ጎን ሲሰምጥ ገደል ይወጣል። ሃማድርያስ ነብርና ጅብ እንዳያገኘው የሚያድረው ገደል ላይ ነው። በስንጥቁ በኩል ፍል ውሃ ይወጣል፤ በፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል ፍልውሃ የሚባለው ቦታ ይኸው ነው። ፍል ውሃው ዳር በበረሃ መሃል የቆላ ዘንባባ ይበቅላል፣ የዘንባባውን ፍሬ ዝንጀሮው ይበላል። እኛን ከአራተኛ ፎቅ ያስወረደን ኃይል ለነሱ አልጋም ሠርቶላቸዋል፣ ጓዳም ሞልቶላቸዋል።

የበሰቃ ጉዳይም እዚሁ ይመጣል። ሐይቁ ግጦሽ ሲወስድ፣ እርሻው ወንዝ ዳሩን ሲወስድ፣ አፋር "ደርጊ ሃራ" የሚለው እሾሃማ መጤ ዛፍ የቀረውን ሲወር፣ ከረዩና አፋር ከብታቸውን ይዘው የት ይሂዱ? ወደ ፓርኩ ነዋ። ከዚያ ሳላው ይሸሻል። ከዚያ ሪፖርት ይጻፋል፣ "የፓርኩ ችግር ልቅ ግጦሽ ነው" ተብሎ። ውሃውን የሚያጠናው ስለ ውሃ ይጽፋል፣ አውሬውን የሚያጠናው ስለ አውሬ፣ መንቀጥቀጡን የሚመዘግበው ስለ መንቀጥቀጥ። ሦስቱም አንድ መንገድ ላይ ምሳ የሚበሉት መተሐራ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸውን ግን እጠራጠራለሁ።

ፈንታሌ ረገበ ስንል ደግሞ ኅዳር 14 ቀን 2018 ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ኤርታሌ አጠገብ ያለ፣ ባለፉት 12 ሺህ ዓመታት ፈንድቶ እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ ያልነበረው ተራራ። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፣ በየመንና በኦማን አልፎ ሕንድ ደረሰ፣ እዚያ በረራ አሰረዘ። መንደሩ አፍዴራ አካባቢ ሣሩ በአመድ ተሸፍኖ አርብቶ አደሩ ለከብቱ የሚሰጠው አጥቶ ነበር። የአመዱን መንገድ በየሰዓቱ ሲከታተል የነበረው ሳተላይት ነው፤ ለአየር መንገዶቹ። ለከብቱ የሚከታተል አልነበረም።

ባለፈው ወደ ድሬዳዋ ስንሄድ የበሰቃን ዳር ስናልፍ ሹፌሩን ሐይቁ ጨመረ ወይ አልኩት። ሃያ ዓመት በዚያ መንገድ ተመላልሷል። ፍጥነቱን ቀንሶ በመስኮት በኩል ውሃ ውስጥ የቆመች አንዲት የደረቀች ግራር አሳየኝ።

"እሷን ነው የማየው" አለኝ። "መጀመሪያ ዳር ላይ ነበረች፣ ጥላዋ ሥር ቆመን ጎማ ቀይረናል። ከዚያ ግንዷ ገባ። ዘንድሮ መንታ ቅርንጫፏ ላይ ደርሷል።"